ትንሽ አሟታል

የአውሮፕላኑ ጎማ ሣሩን ሲመታ ወይዘሮ ሸዋጌጥ የማርያምን ስም ጠርታ ሳትጨርስ አጠገቧ የተቀመጠውን የቡና ነጋዴ ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ሰውየው በረራውን ለምዶታል። "ደረስን እኮ፣ እትዬ" አላት እየሳቀ። መድረሳቸውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ከነቀምቴ ከተነሡ ሃምሳ ደቂቃ ቢሆናቸው ነው። በመኪና ቢሆን በዚህ በሐምሌ ጭቃ አንድ ሌሊት ጊምቢ፣ ሌላውን ሌሊት ደግሞ እግዜር በፈቀደው ሜዳ ታድሮ ነው ደምቢ ዶሎ የሚገባው። ያውም ድልድዩ ደህና ከሆነ ነው። ድልድዩን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ወስዶታል።

በሩ ሲከፈት ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። የመጣችበት ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ወርቂቱ የምትባል ሴት ፈልጎ ማግኘት፣ እጇን ይዞ ወደዚሁ አውሮፕላን መመለስ። አውሮፕላኑ ዕቃውን አራግፎ፣ ቡናና ቆዳ ጭኖ፣ ዝናብ ሳይቀድመው ወደ ነቀምቴ ይበራል። የሚቀጥለው የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የወርቂቱ ልጅ ሎሚ ደግሞ ሦስት ቀን የምትቆይ አይደለችም።

ሎሚ ነቀምቴ ውስጥ ጨለለቂ ሰፈር ከሸዋጌጥ ቤት ተቀምጣ የምትማር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እግሯን ምስማር ወግቷት ፈተናው እንዳያመልጣት ብላ ለማንም ሳትናገር በጨርቅ ጠቅልላው ከረመች። ሲደርሱበት እግሯ ጠቁሮ፣ ሽታውም ክፍሉን ሞልቶት ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ፈረንጅ ነው፤ ድሬሰሩ አስተረጎመለት። "ዛሬ ከጉልበቷ በታች ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል። ነገ እኔ የምሠራው ሥራ አይኖርም" አለ። ሎሚ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ "እናቴ ሳትመጣ ማንም አይነካኝም" አለች። ሊይዟት ሲሞክሩ የሐኪሙን እጅ ነከሰችው። ሐኪሙ እጁን እያሻሸ "እስከ ማታ" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጠም።

የነቀምቴው የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ በሬዲዮ መልእክት ልላክላችሁ ብሎ ነበር። ያልፈቀደችው ራሷ ሸዋጌጥ ናት። "በሬዲዮ ታማለች ብትሏት ሞታለች ብላ ነው የምትሰማው። ሴትዮዋን ትገድሏታላችሁ። እኔው ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ" አለች። የሰማት ሁሉ አስተዋይ ሴት ናት አለ። አስተዋይዋ ሴት ግን የለበሰችውን ልብስ አላስተዋለችም። ወንድሟ ፍቼ ላይ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ከል ለብሳለች። ሰው ሦስት ወር ከላዩ ያላወለቀውን ልብስ ልብስ ነው ብሎ ማሰቡን ይተዋል።

ከሜዳው ዳር ካለችው የቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ የማረፊያው ሠራተኛ ገብረክርስቶስ ቆሞ ነበር። ከበስተኋላው በተከፈተው በር የጃንሆይ ፎቶግራፍና የሬዲዮው ሣጥን ይታያሉ። ገና ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

"እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ።"

"አሜን" አለች ሸዋጌጥ፣ ሦስት ወር እንደለመደችው። "የወርቂቱን ቤት ታውቀዋለህ? ቅቤ ነጋዴዋን?"

የገብረክርስቶስ ፊት ተለወጠ። "ነቀምቴ የምትማር ልጅ ያለቻትን?"

"እሷኑ።"

"ወይኔ!" አለ በለሆሳስ። ሸዋጌጥ ስለ ጭነቱ የተጨነቀ መሰላት።

"ለመመለሻ ሁለት ቦታ ያዝልኝ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ።"

"ያለኝም ሁለት ነው፤ ይያዛል። ግን ይፍጠኑ፤ ያን ደመና ካፒቴኑ አልወደደውም" አለና በስተምዕራብ ጋምቤላ ቆላ ላይ የተቆለለውን ጥቁር ደመና አሳያት። ከዚያ ጫኞቹን ጠርቶ በኦሮሞኛ አንድ ነገር ተናገረ። አንደኛው መንገድ ሊያሳያት ከእሷ ጋር ቀረ፤ ሌላው ግን ወደ ከተማው ሮጠ።

ወደ ከተማ ሲገቡ በመንገድ ያገኟቸው ሁሉ እየቆሙ አሳለፏት። ወንዶቹ ባርኔጣ አወለቁ፤ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ሸክሟን አውርዳ ጎንበስ አለችላት። ሸዋጌጥ ሰው አክባሪ አገር ነው ብላ አደነቀች።

ከወርቂቱ ግቢ በር ላይ ረዘም ያሉ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ጠበቋት። የወርቂቱ የሟች ባል የባቻ ታላቅ ወንድም፣ ኦቦ ሞረዳ ናቸው፤ በወንጌላውያኑ ማኅበር ሽማግሌ ናቸውና ሰው ይሰማቸዋል።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ?" ብለው በኦሮሞኛ በአክብሮት ሰላም አሏት። "ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን። ይግቡ። ብቻ ቀስ ብለው።"

ሸዋጌጥ ቀስ የምትልበት ምክንያት አልገባትም። ግቢው ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቧል። ወርቂቱ ቅቤ ስታነጥር ኖሮ እጇን ሳትታጠብ ወጣች። ቀጭን፣ ዓይኗ ሰፋ ያለ ሴት ናት፤ ሎሚን ቁርጥ። ሸዋጌጥ በአየር ላይ ስታጠናው የመጣችውን ቃል ፈገግ ብላ ተናገረች፦

"አይዞሽ፣ ምንም አይደለም። ሎሚ ትንሽ አሟታል። እናቴን ልይ ብላ ነው።"

የእግሩን ነገር ነቀምቴ ሲደርሱ እነግራታለሁ ብላ ነበር የተወችው። እናት ገና በበሩ እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም።

የወርቂቱ ዓይን ከሸዋጌጥ አንገት ጀምሮ በጥቁሩ ቀሚስ ላይ ወደ ታች ወረደና ጫፉ ላይ ቆመ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከአጥር ማዶ አንዲት ሴት እሪ ስትል ኦቦ ሞረዳ ዞር ብለው ተቆጡ።

"ዝም በይ! ታማለች ነው የተባለው!"

"አዎ፣ ትንሽ አሟታል" አለች አንዷ ወርቂቱን በብብቷ ደግፋ።

"ትንሽ ነው። ብርድ ይሆናል" አለች ሌላዋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

አሮጊቷ ዘርፈሽ፣ የኦቦ ሞረዳ አክስት፣ "ጢቆ ነው፣ ጢቆ፤ ትንሽ ነው" እያሉ የወርቂቱን ራስ ዳሰሱ፤ በሌላ እጃቸው ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ማሸረጥ ጀምረው ነበር። ግቢው ሁሉ ሸዋጌጥ ያለችውን ይደግማል፤ አንድም የሚያምን ሰው የለም። ያን ጊዜ ሸዋጌጥ ምን እንዳደረገች ገባት።

ኦቦ ሞረዳ ክርኗን ይዘው ወደ ቤቱ ጓሮ ወሰዷት። ዙሪያቸውን ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እግዜር ያክብርዎት፤ በደንብ ነው የነገሯት። አሁን ለእኔ ይንገሩኝ። መቼ ነው?"

"ምኑ?"

"አዴ፣ እኔ እችለዋለሁ። ልጅቱ መቼ ዐረፈች?"

"አላረፈችም! በሕይወት ናት! ዛሬ ጠዋት አነጋግራኛለች!"

"ቀስ ይበሉ፤ እንዲህ ከጮኹ ይጠረጥራሉ" አሉ፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉላት። "እስከ ነገ ንጋት እንዲሁ ይበሏት። ነገ ጎህ ሲቀድ ቄሱም፣ ወንድሞቿም ይመጣሉ፤ በቤቷ፣ በወገኖቿ መካከል እናረዳታለን።"

"የምን ማርዳት ነው! ይህ ከል የወንድሜ ነው፤ ፍቼ ላይ የሞተው የወንድሜ!"

"ለእሱም እግዜር ያጥናዎት።"

ሸዋጌጥ ልትጮህ ከጀላት። እኚህን ሰው በጃንጥላቸው ብትመታቸው ደስ ባላት ነበር። ግን ፊታቸው ላይ ክፋት አይታይም፤ አዝነውላታል፤ ያ ነው የባሰው።

"እሺ ወደ አውሮፕላኑ ልውሰዳት። እዚያ ደርሳ በዓይኗ ትይ" አለች።

"እሱማ አይሆንም።"

"ስለ ምን?"

ኦቦ ሞረዳ መሬቱን በጃንጥላቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። "ወንድሜ ባቻ ጊምቢ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ነው የሞተው። ወርቂቱ ገበያ ነበረች፤ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር። አንድ ሾፌር መኪናውን ሳያቆም በመስኮት ነገራት። ቅቤው መካከል ወደቀች። ሕፃኑም አልተረፈም። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ነው የቀበርናቸው።" ቀና ብለው አዩአት። "ያን ጊዜ ማልሁ። ይህች ሴት ዳግመኛ በመንገድ ላይ አይነገራትም። እርስዎ ደግሞ በሰማይ ላይ፣ በባዕድ መካከል እንድትሰማ ይፈልጋሉ። ወድቃ ማን ያነሣታል?"

ሸዋጌጥ ይህን አታውቅም ነበር። ሎሚ አንድም ቀን አልነገረቻትም። ሰውየው ትክክል ናቸው፤ ሎሚ ሞታ ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አይገኝም ነበር።

"በሬዲዮ ይጠይቁ" አለች በመጨረሻ። "ገብረክርስቶስ ነቀምቴን ይጠይቅ።"

"የነቀምቴው ሰው ምን የሚለኝ ይመስልዎታል? 'ትንሽ አሟታል' ይለኛል። እርስዎ በእሱ ቦታ ቢሆኑ ሌላ ምን ይላሉ?"

እሷም ሌላ አትልም። በዕድሜዋ ሦስት ጊዜ መርዶ ይዛ ሄዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ትንሽ አሞታል ብላ ነው የገባችው። አሁን እውነቱን ልትናገር ብትፈልግ የምትናገርበት ቃል አልቆባታል። ንዴቱም፣ ፍርሃቱም፣ ሎሚ ብረቱን የያዘችበት እጅም ባንዴ መጣባትና አለቀሰች። ማልቀሷ ነገሩን ጨረሰው። ኦቦ ሞረዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

በዚህ መካከል ነጎድጓዱ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ከሜዳው በኩል የአውሮፕላኑ አንድ ሞተር ሲነሣ ተሰማ።

ሸዋጌጥ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሽማግሌውን ትታቸው ወደ ቤት ገባች። ወርቂቱን መደቡ ላይ አስቀምጠው ሴቶቹ ከበዋታል። አንዷ ሹሩባዋን ልትፈታ እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች። ወርቂቱ አታለቅስም፤ ግድግዳውን ታያለች።

ሸዋጌጥ ሴቶቹን እየገፋች ገብታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። ኦሮሞኛዋ የገበያ ኦሮሞኛ ነው፤ ለጎመንና ለጨው ይበቃል። ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበራትም። ያላትን አወጣች።

"ሚላ ኢሺ ሙሩፍ ጅሩ።" እግሯን ሊቆርጡት ነው አለች።

ሹሩባውን የያዘችው ሴት እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከበር ላይ ኦቦ ሞረዳ "አዴ!" ብለው ጮኹ። ወርቂቱ ግን ከግድግዳው ላይ ዓይኗን አነሣች።

"ሚላ?"

"ሚላ። ከዚህ ላይ።" ሸዋጌጥ የከል ቀሚሷን በሰው ፊት እስከ ጉልበቷ ገልባ የገዛ ቅልጥሟን በእጇ ጠርዝ መታች። ከዚህ ወዲያ አማርኛውንም ኦሮሞኛውንም ቀላቀለችው። "ምስማር ወጋት፣ ደበቀችን። ፈተና አለብኝ ብላ ደበቀችን። እግሯ ጠቁሯል፤ ሸቷል፤ እኔ ራሴ አሽትቼዋለሁ። ዛሬ ካልተቆረጠ ትሞታለች። አላስነካም አለች። እናቴ ካልመጣች አላስነካም አለች። ሐኪሙን ነከሰችው።"

"ነከሰችው?" አለች ወርቂቱ።

"እጁን! እዚህ ጋ! ደም አወጣችው።"

ሎሚ በልጅነቷ ስትቆጣ ትነክስ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ከቤተሰቡ ውጭ ማንም የለም። ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ስለሚቆረጥ እግር፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ምስማር አውርቶ ማን ያጽናናል? በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ተሰምቶ አይታወቅም። ወርቂቱ ተነሣች፤ ቅቤ በያዘው እጇ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች፤ ኦቦ ሞረዳን በኦሮሞኛ ጠየቀቻቸው፦

"የሞተ ሰው እግር ምን ይሁን ብለው ይቆርጡታል?"

መልስ ሳትጠብቅ በሩን አልፋ ሄደች።

ሁለቱ ሴቶች ወደ ሜዳው ሮጡ ማለት ይቻላል። ኦቦ ሞረዳ ጃንጥላቸውን አጥፈው ከኋላ ተከተሏቸው፤ ሴቶቹም ከእሳቸው ኋላ። ሲደርሱ የአውሮፕላኑ ሁለቱም ሞተሮች ይዞራሉ፤ ገብረክርስቶስ መሰላሉ አጠገብ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።

"ቶሎ! ቶሎ! ሊዘጋ ነው!"

ኦቦ ሞረዳ ወርቂቱን በክንዷ ይዘው ቀረቡ። "እኔም እሄዳለሁ" አሉ።

"ቦታ የለም፣ ኦቦ። ሁለት ነው የተያዘው።"

"ሦስተኛ ሰው አስገባ። ቡናውን አውርድ።"

"ታስሯል። ሜዳው ደግሞ ጭቃ ነው፤ ካፒቴኑ አንድ ኪሎ አልጨምርም ብሏል። እባክዎን፣ ዝናቡ ከያዘን ማንም አይሄድም!"

"እንግዲያው እሷም አትሄድም" አሉ ኦቦ ሞረዳ። የወርቂቱን ክንድ አልለቀቁም። "ለብቻዋ አላሳፍራትም። እርስዎ ጥሩ ሴት ነዎት፤ ግን ወገኗ አይደሉም። እዚያ የሚጠብቃት ሬሳ ከሆነ እኔ አጠገቧ መሆን አለብኝ።"

ወርቂቱ ክንዷን ለማስለቀቅ ሞከረች፤ ከዚያም ሽማግሌውን አየችና ተወችው። እሷም ፈርታለች። ያን ጊዜ በገበያ የሆነውን ሰውነቷ አልረሳውም።

ሸዋጌጥ የመሰላሉን ብረት ይዛ ነበር። መቅረት አልፈለገችም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ፈጽሞ አልፈለገችም። ልጅ አልወለደችም። ሎሚ ሦስት ዓመት ከማዕዷ በልታለች፤ ማታ ማታ ትምህርቷን ጮክ ብላ ስታነብ ሸዋጌጥ ሳይገባት ስታዳምጥ ነው የምትተኛው። ዛሬ ጠዋት ስትለያት "አንቺም ትመጫለሽ አይደል?" ብላታለች፤ "አንድ እጅሽን እናትሽ፣ አንዱን እኔ እንይዝሻለን" ብላ መልሳላታለች። እጇ ከብረቱ አልላቀቅ አለ።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ክንፉ ላይ ተሰማ።

"ይግቡ" አለች ኦቦ ሞረዳን።

"ምን አሉ?"

"በእኔ ቦታ ይግቡ። እኔ እዚህ እቀራለሁ። ዋሽቼ ከሆነ በእጃችሁ ነኝ፤ የምትሠሩኝን ሥሩኝ።"

ኦቦ ሞረዳ ከተገናኙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሐዘኔታ አዩአት። "እዚህ የሚያውቅዎት ሰው የለም።"

"የለም። ይግቡ፣ በማርያም!"

ወርቂቱ ቀድማ ወጣች። ሽማግሌው ጃንጥላቸው በሩ ላይ ተሰንቅሮ ጥቂት ታገሉ። ሸዋጌጥ ከታች ሆና ድምፅዋን በሞተሩ ላይ ከፍ አደረገች።

"ሸዋጌጥ የት አለች ካለቻችሁ—" አለችና ቆመች። ለሎሚም የሚሆን ለስላሳ ነገር አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። "ቦታ ጠፍቶ ነው በሏት። ያለውን ንገሯት።"

በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ከሜዳው ጫፍ ዞሮ፣ ጭቃውን እየረጨ አልፏቸው ሮጠ፤ ከዛፎቹ በላይ ለጥቂት ከፍ አለ። ወደ ምሥራቅ ሲዞር ደመናው ዋጠው፤ ድምፁ ብቻ ትንሽ ቆየ።

ሴቶቹ ከቆርቆሮው ቤት ጣሪያ ሥር ተጠግተው ቆመዋል። ነጠላቸው ወገባቸው ላይ እንደታሰረ ነው። አሮጊቷ ዘርፈሽ ወደ ሸዋጌጥ መጡ፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ፣ ቃል እየመረጡ የሚናገሩት ነው።

"አሁን ሄደች። አትሰማም። እኛ ሴቶች ነን፤ ሌሊቱን የምናለቅሰው እኛ ነን። ንገሪን። ልጅቱ መቼ ሞተች?"

ሸዋጌጥ በሕይወት ናት ልትል አፏን ከፈተች። ይህን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ተናግራዋለች! አሁን ግን ከአፏ አልወጣ አለ። ከነቀምቴ ከወጣች ወዲህ ብዙ ሰዓት አልፏል፤ በረራው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ግቢው አለ፣ ጓሮው አለ። እሷ ከሰው ጋር ስትከራከር ያ ጥቁር እግር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሐኪሙ እስከ ማታ ያለውም፣ እሱም ሰው ነውና፣ አዝኖላት ሊሆን ይችላል።

"ጠዋት በሕይወት ነበረች" አለች። "አሁን አላውቅም።"

"አታውቂም?"

"አላውቅም፣ እማማ። ፈርቻለሁ።"

ዘርፈሽ ፊቷን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ የወገባቸውን ነጠላ ፈትተው አራገፉና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

"ገና ስትገቢ እንዲህ ብትዪን ምን ነበረበት!" አሉ፤ ተቆጥተው ነበር። "ነይ በይ፤ ዝናብ መታሽ። ቤት ገብተሽ እህል ቅመሺ።"

"እሺ አልልም፣ እማማ። አውሮፕላኑ ነቀምቴ እስኪያርፍ ከዚህ አልነቃነቅም።"

ገብረክርስቶስ ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ነበር። አውሮፕላን ከተነሣ በኋላ ቤቱን ዘግቶ ምሳውን ሊበላ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ሴቶች አየ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ተመልሶ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠ።

"ሃምሳ ደቂቃ ነው" አለ። "ነፋስ ከያዘው ትንሽ ያልፋል። ሲያርፉ ይነግሩኛል።"

"ስለ ልጅቱስ?" አለች ሸዋጌጥ።

"እሱን አያውቁም። ግን ከሜዳው ወደ ሆስፒታል ሰው ላኩ ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሲመጣ፣ ያለውን እንዳለ ንገሩኝ እላቸዋለሁ።"

ዘርፈሽ ይህን ሲሰሙ ወደ ሴቶቹ ዞረው በኦሮሞኛ ተናገሩ፤ ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ወደየቤቱ ይሂድ፣ ካስፈለገ እንጠራዋለን አሉ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ የወገቧን ነጠላ ፈታች፤ ሌላዋ እንዳሸረጠች ሄደች። አሮጊቷ ግን አልተከተሏቸውም። የዕቃ ሚዛኑ ላይ ቁጭ አሉና ለሸዋጌጥ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።